ሰይድ «አንቱ» ያለኝ ሳምንት

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

«አንቱ» አለኝ። ሰይድ፣ እኔን።

ሠላሳ አራት ዓመት አንድ ትምህርት ቤት አስተምረናል፤ እሱ ሒሳብ፣ እኔ አማርኛ። ጡረታም የወጣነው ባንድ ቀን ነው። እስካሁን «አንተ ጠመኔ» ሲለኝ የኖረ ሰው ዛሬ «አንቱ፣ እዚህ አረፍ ይበሉ» አለኝ።

በቅደም ተከተል ልጻፈው። የኮሪያው ድራማ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ይጀምራል። የሰይድ ቴሌቪዥን ከኔው ስለሚሰፋ የማየው ብዙውን ጊዜ እሱ ቤት ነው። ዛሬ አምስት ደቂቃ ዘገየሁ። እዚያ ቤት ድራማው ከጀመረ ሰላምታ የለም፤ የሰይድ ባለቤት ዘምዘም ያወጣችው ሕግ ነው። ጫማዬን አውልቄ ዝም ብዬ ገባሁ። ሰይድ ቀና ብሎ አየኝ። ከመከዳው ፈቀቅ አለና እንደዚያ አለኝ።

ቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። እሱ ግን ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሰ። ጉንፋን ይዞኝ ጉሮሮዬ ስለተዘጋ፣ ድራማው እንዳለቀ ለዘምዘም በእጄ ምልክት ሰጥቼ ወጣሁ።

የዛሬው ክፍል ባጭሩ፦ ንጉሡ ታሟል። ከወንዙ ማዶ የጠላት ጦር እየተከማቸ ነው። የሹማምንቱ የኮሪያ ስም ለአፋችን አልመች ስላለ በንጉሡ ቀኝ የሚቆመውን ቀኛዝማች፣ በግራው የሚቆመውን ግራዝማች ብለናቸዋል። ሁለቱም ቀይ ካባ ይለብሳሉ፣ ጥቁር ባርኔጣ ያደርጋሉ። ቀኛዝማች «ጦር መጥቷል፣ እንዘጋጅ» ይላል። ግራዝማች ደግሞ «ወሬ ነው» እያለ ንጉሡን ያዘናጋል።

ይህን ሁሉ ጽፌም የሚከነክነኝ ያው «አንቱ» ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ባሰ።

ረፋዱ ላይ ልብስ ሰፊው በላይ በር ላይ ቆሜ ነበር። ሰይድ ከመንገዱ ማዶ ሲመጣ አየሁት። እጄን አነሣሁለት። ወደኔ ዞረ፣ አየኝ፣ አለፈ። ይህ ሰው እንኳን እኔን፣ የተጫነ አህያ ሲያገኝ «አብሽር» ብሎ የሚያልፍ ነው።

በላይ መቀሱን አስቀምጦ፣ ተጣላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አልተጣላንም አልኩ። አላመነኝም፤ እኔም ራሴን አላመንኩም።

ቤት ገብቼ ምን አስቀይሜው ይሆናል ብዬ ዘረዘርኩ።

አንድ፦ ባለፈው ወር ያዋሰኝን ጃንጥላ በላይ ዘንድ ረስቼው አንድ ሳምንት ቆየ። ግን ራሱ ስቆ ነበር።

ሁለት፦ ለቀበሌ የጻፈውን ማመልከቻ አርሜ ስመልስለት አሥራ አንድ ቦታ ላይ ምልክት አድርጌያለሁ። ምናልባት በዛ።

ሦስት፦ የለም። ሦስተኛ አላገኘሁም።

ባለቤቴ ይመኙ ዝርዝሩን ሰምታ አንገቷን ነቀነቀች። «ባዳ አንቱ ሲባል ይከበራል፤ ጓደኛ አንቱ ሲባል ግን ተሸኘ ማለት ነው» አለችኝ። ሄደህ ጠይቀው አለችኝ። አልሄድኩም። ኩራት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ዛሬ በገዛ እጄ አበላሸሁት።

ጉሮሮዬ ስለተከፈተልኝ ሰይድ ቤት ሄድኩ። በላይም ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ነበር። ክፍሉ ከባድ ነው፤ ከድንበር የመጣ መልእክተኛ «ጠላት ወንዙን ሊሻገር ነው» የሚል ደብዳቤ ይዞ ቤተ መንግሥት ይደርሳል። ግራዝማች ደብዳቤውን ተቀብሎ በእጅጌው ይሸሽገዋል።

ድራማው ሲያልቅ ሰይድ፣ ቀኛዝማች እንዲህ ያለ ከሃዲ ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም አለ።

ቀኛዝማች አይደለም፣ ግራዝማች ነው አልኩት። አይደለም አለ፤ ድምፁን ሰምቻለሁ አለ። ማለፍ እችል ነበር። ነገር ግን ስሕተት ሳይታረም ሲቀር ጥርሴን ያመኛል። ተነሥቼ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆምኩና ማን በየት እንደገባ፣ ማን ጢሙ እንደረዘመ፣ ደብዳቤው በየትኛው እጅጌ እንደተሸሸገ እንደ አራተኛ ክፍል ተማሪ አስረዳሁት። በመጨረሻም «ዓይንህ የት ነበር?» አልኩት።

በላይ ሳቀ። ዘምዘም አልሳቀችም።

ሰይድ፣ «ይሁን፤ አንቱ መቼ ተሳስተው ያውቃሉ» አለኝ። ከዚያ ለሶላት ተነሣ። ዘምዘም ቀድማ ወጥታ ጫማውን አንሥታ እግሩ ሥር አቀረበችለት።

የዛሬው «አንቱ» የሰኞውን ዓይነት አይደለም። ይኼኛው ያማል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ሰይድ ቤት አልሄድኩም። አሥር ሰዓት ላይ የራሴን ቴሌቪዥን ከፈትኩ። ድምፁ አለ፣ ምስሉ የለም። ጥቁር። ነቅዬ ሰካሁ፣ ያው ነው። ይመኙ ተወው፣ እንስማው አለች።

ሰማነው። አንድ ሹም ለንግሥቲቱ እናት ሕዝቡን አናስደንግጥ ይላል። ሌላው ይመልስለታል። እኔ የመጀመሪያው ግራዝማች ነው አልኩ። ይመኙ ቀኛዝማች ነው አለች። ተከራከርን። ጥቂት ቆይቼ እኔም ተምታታብኝ።

ድምፁ አንድ ነው። ወደ አማርኛ ሲመልሱት ለሁለቱም ሹማምንት የሚናገረው አንድ ሰው ነው! እስከ ዛሬ ሳይ ኖሬ አላስተዋልኩም፤ ዓይኔ ይለይልኝ ስለነበር።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ብዕሬን አነሣሁ።

ሰኞ፦ የገባሁት ሳልናገር ነው። ማክሰኞ፦ እጄን አነሣሁ እንጂ አልተጣራሁም። ረቡዕ፦ የተሳሳተው የሚያይ ሰው የማይሳሳተውን፣ የሚሰማ ብቻ የሚሳሳተውን ስሕተት ነው። ጫማውን ዘምዘም አቀረበችለት። ከዚያም በፊት የጡረታ ማስታወቂያ ሲለጠፍ መነጽሬን ረሳሁ ብሎ አስነብቦኛል። ሁለት ጊዜ።

ሰይድ አያይም።

ፊት የማይለይ ሰው በሩ ላይ የቆመውን ሁሉ «አንቱ» ቢል ምን ይፈረድበታል? ሽማግሌ አንተ ብሎ ከማዋረድ ጎረምሳ አንቱ ብሎ መሳሳት ይሻላል። እሱ እንዲህ ይጠነቀቃል፤ እኔ ደግሞ በሰው ፊት ዓይንህ የት ነበር አልኩት።

ይህን ለይመኙ ስነግራት ሄዳ ራት አቀረበች። እኔ አልበላሁም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ከጁምዓ እስኪመለስ ጠበቅሁ። ከአጥሩ ውጭ ሆኜ «ሰይድ፣ እኔ ነኝ» ብዬ ተጣራሁ። ገብቼም ከመቀመጤ በፊት «አፉ በለኝ» አልኩት። ይህን ቃል ከእሱ ከራሱ ነው የተማርኩት፤ ይቅር በለኝ ከሚለው ይልቅ እሱ ቤት የሚሰማው ይህ ነው።

ለምኑ አለ። ለረቡዑ አልኩ። የድራማ ነገር ነው፣ ተወው አለ። የድራማ ነገር አይደለም አልኩት። ፊቱ ተለወጠ።

«ማን ነገረህ? ዘምዘም ናት?»

«ግራዝማች ነው።»

ቴሌቪዥኔ እንዴት እንደጠፋ፣ ከይመኙ ጋር እንዴት እንደተከራከርን ነገርኩት። ሳቀ፤ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ዘምዘም ደንግጣ ከጓዳ ወጣች፤ ነገሩን ስትሰማ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ተመለሰች። አልቅሳ ይመስለኛል።

ከክረምት ጀምሮ ነው አለኝ። ቀኝ ዓይኑ ሙሉ ለሙሉ ጉም ነው። በግራው ቅርጽ ያያል፣ ፊት አይለይም። የሰኞውን ጠየቅሁት። «የሰኞው እንኳ አላየሁህም። የረቡዑን ግን አውቄ ነው ያልኩህ» አለኝ። ይገባኛል አልኩት።

ሐኪም ዘንድ ለምን እንዳልሄደ ስጠይቀው ዙሪያ ጥምጥም ሄደ። እውነቱ ይህ ነው፦ ልጁ ሐያት አዳማ ናት። ካወቀች አታድርም፣ መጥታ ትወስደዋለች። «እዚህ ድንጋዩን ሁሉ እግሬ ያውቀዋል። አዳማ ሄጄ የማላውቀውን ግድግዳ ስዳስስ ልኑር?»

ሰይድ አዳማ ከሄደ እኔ እዚህ ከማን ጋር ነው የምከራከረው? ይህን ግን አልነገርኩትም። ለራሴ ያሰብኩ ይመስላል።

ተደራደርን። እሱ ነገ ዓይኑን ያስመረምራል። እኔ በድራማው ሰዓት አጠገቡ ተቀምጬ የሚናገረውን ሰው እነግረዋለሁ፤ ሳላርም፣ ሳልጨምር።

«ሳትጨምር?» አለኝ። «እሱን እንኳ አትችለውም።»

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ጠዋት ጤና ጣቢያ መረመሩት። የዓይን ሞራ ነው። የዓይን ነርሷ ወጣት ናት፤ አነጋገሯ ግን የተመጠነ። ግራው ቢገፈፍ ያያል ብላ ተስፋ ታደርጋለች። ስለ ቀኙ ቃል አልገባችም፤ ቆይቷል አለች። ደሴ ላይ ሰሞኑን ሞራ እየገፈፉ ስለሆነ ደውላ ለሰኞ አስመዘገበችልን።

ሰይድ ሁለት ነገር ጠየቀኝ። አንደኛው አብሬው እንድሄድ። እሺ። ሁለተኛው እስኪያልቅ ለሐያት እንዳይነገራት። እዚህ ላይ እንቢ አልኩ። ከጠየቀችኝ አልዋሽም አልኩት። ዘምዘም ክርክራችን ሲረዝምባት ስልኩን አንሥታ ደወለች። ሐያት አለቀሰች፣ ተቆጣች፤ በመጨረሻም ደሴ እጠብቃችኋለሁ አለች። ከዚያ በኋላ ስለሚሆነው ማንም አላነሣም።

አሥር ሰዓት ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ። «ግራ።» «ቀኝ።» «ቀኝ።» «የንግሥቲቱ እናት፣ ተቆጥታ።» በላይ፣ መምህር ደግሞ መቼ ነው ሰልፍ ማሠልጠን የጀመርከው አለኝ። ጉዳዩን ለእሱም ሰይድ ራሱ ነገረው። በላይ የረቡዑን ሳቁን አስታውሶ መሰለኝ ቶሎ ወጣ፤ ሲመለስ ብርቱካን ይዞ ነበር።

ቀኛዝማች በሐሰት ተከሶ ታሰረ። የጠላት ጦር ወንዙን ተሻገረ። ሰይድ በመሐል፣ ግራዝማች ሲዋሽ ቃላቱን ይጎትታል፣ አስተውል አለኝ። አስተዋልኩ። ልክ ነው። እኔ በዓይኔ ያላየሁትን እሱ በጆሮው አገኘው።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጨመርኩ። ንጉሡ ታሞ ሳለ የንግሥቲቱ አለባበስ ደመቀ አልኩ። በክርኑ ጎሸመኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሚኒባስ ተነሣን። ይመኙ ዳቦ ቋጠረችልን፣ ዘምዘም ቆሎ። ዘምዘም ቤት ትጠብቃለች፤ ስንነሣ መስኮቱን ይዛ ዱዓ አደረገች። ይመኙም አብራት አሚን አለች።

ሰይድ በመስኮቱ በኩል መቀመጥ ፈለገ። ምን ልታይበት ነው አልልም፤ ተምሬያለሁ። አቀስታ ላይ ቁርስ በላን። ከዚያ ወዲያ መንገዱን እኔ ነገርኩት፤ ገብሱ ቢጫ ሆኗል፣ እዚህ አዲስ ቤት ተሠርቷል፣ እዚያ ጭነት መኪና ጎማ እየቀየረ ነው። አንድ ቦታ ላይ፣ እዚህ ዝም በል፣ ይህን ቁልቁለት አውቀዋለሁ አለኝ። ዝም አልኩ።

ሐያት መናኸሪያ ጠበቀችን። አባቷን አቅፋ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችም። እኔን እጄን ሳመችኝ፤ ዓይኔን ግን አላየችም። እኔ ጓደኛው ቀድሜ ማወቅ እንደነበረብኝ አስባ ይሆናል። ትክክል ናት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ የሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ነን። ከሰይድ በፊት አሥራ ሦስት ሰው አለ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ተጠራ። ሲገባ ኮፊያውን አውልቆ ሰጠኝ። «ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ የማየው ያንተን አፍንጫ ከሆነ መልሳችሁ እሰሩልኝ እላቸዋለሁ» አለ። የጠራችው ነርስ ሳቀች።

ሐያት ሁለታችን ብቻ ስንቀር ተናገረች። ጋሼ፣ አዳማ ብወስደው ይሻለዋል ወይስ አይሻለውም አለችኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ጥያቄ ሲቀርብልኝ ሳልመልስ ያለፍኩበት ቀን የለም። ዛሬ ግን፣ ሲወጣ እሱን ጠይቂው አልኳት። መንገዱን ሁሉ ሳስበው የመጣሁት መልስ ነበረኝ። አልተናገርኩትም።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነርሷ በሩን ከፍታ፣ የመምህር ሰይድ አስታማሚ አለች። ሁለታችንም ተነሣን። አንድ ሰው ብቻ አለች። ሐያት አየችኝ። ተቀመጠች።

«እርስዎ ይግቡ። አባዬ የሚከራከረው ሰው ይፈልጋል» አለችኝ።

ግራ ዓይኑ ታሽጓል። ቀኙን አልነኩትም፤ ሐኪሙ ቆየት ብለን እናየዋለን ብሏል። ፋሻው የሚፈታው ነገ ጠዋት ነው። እስከዚያ የሚታወቅ ነገር የለም።

ሰይድ እርምጃዬን ሰምቶ እጁን ዘረጋ። ያዝኩለት። ስንት ሰዓት ሆነ አለኝ። ነገርኩት። ይህን ሁሉ ሰዓት ምን ስትሠራ ዋልክ አለኝ።

«በር ሳይ» አልኩት።