ከቅርጫቱ ያወጣሁት ሻይ

ውድ እማማ፣

ፊደሉን ያገዘፍኩት ዓይንዎ እንዳይደክም ብዬ ነው። መነጽር ሠሪ ነኝና የዓይንዎን ቁጥር ከራሴ ስልክ ቁጥር ይልቅ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ግራው ከቀኙ ይለግማል። ስለዚህ ጠዋት መስኮት አጠገብ ሆነው ያንብቡት። ለማንም አያስነብቡ። ስልክ ያልደወልኩትም ለዚሁ ነው። ታላቋ ልጅዎ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ጠረጴዛ መሃል ስለምታስቀምጠው የእኔና የእርስዎን ወሬ ቤተሰቡ ሁሉ እንደ ዜና ተሰብስቦ ይሰማዋል።

ባለፈው እሁድ "መጥተው ከእኔ ጋር ለምን አይኖሩም?" ስልዎት መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ "እስቲ ላስብበት" አሉኝ። ከጀርባ ልጅዎ "ምን አለች? ከተፋታች በኋላ?" ስትል ሰምቻታለሁ። አልፈርድባትም። ሴት አማቷን ሸሽታ ቤት ትቀይራለች እንጂ ባሏን ፈትታ አማቷን የምትወስድ የት ታይታ! ብቻ እያሰቡበት ከሆነ፣ አስበው ሳይጨርሱ ማወቅ ያለብዎት ነገር አለ። ካወቁ በኋላ "ይቅርብኝ" ቢሉ መብትዎ ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር፤ አለዚያ ድፍረቱን አላገኘውም።

ልጅዎ አግብቶኝ ቤትዎ ስገባ ሁለት ዓመት ሙሉ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። "አንቺ" ነበርኩ፤ እንግዳ ሲኖር ደግሞ "የልጄ ሚስት"። እርስዎ ሠላሳ አንድ ዓመት መድኃኒት ቤት ቆመው ዱቄት በሚሊ ግራም የለኩ ሴት፤ እኔ ጨው በጣቴ የምበትን። ወጥ ቤት በገባሁ ቁጥር ዓይንዎ ጀርባዬ ላይ ነበር። እኔም ብሆን ቅዱስ አልነበርኩም። ሳህን ሳጥብ ሆን ብዬ አንኳኳው ነበር፤ መኝታ ቤትዎ ድረስ እንዲሰማ።

ከዚያ ሐኪሙ ስኳርዎ ከፍ ብሏል ብሎ ከስኳር ጋር አቆራረጠዎት። ሌላውን ሁሉ ችለውት ሻዩን አልቻሉትም። "ያለ ስኳር ሻይ ማለት የጨርቅ እጣቢ ማለት ነው!" ብለው ብርጭቆውን ገፉት። ሦስት ቀን አኮረፉ፤ ማንን እንዳኮረፉ ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም። ቤቱ ሁሉ ሲጨንቀኝ ምሳ ሰዓት ላይ፣ የሌንስ መቁረጫውን አጥፍቼ፣ ስልኬ ላይ "ያለ ስኳር የሚጠጣ ሻይ" ብዬ ፈለግሁ። ቻይናዎቹ ስኳር የሚባል ነገር አይጨምሩበትም የሚል አነበብኩ። ከአምስት ዓይነት ጥቂት ጥቂት የያዘ የመቅመሻ ጥቅል አዘዝኩ፤ አረንጓዴ፣ ነጭ፣ ኡሎንግ፣ እኛ ጥቁር የምንለው እነሱ ቀይ የሚሉት፣ ደግሞም ፑኧር የሚባል ታምቆ የቆየ። በፎቶው ላይ ደልደል ያለች ቡናማ የሸክላ በራድም አየሁና አብሬ አዘዝኩ። ልታረቅዎ ፈልጌ እንዳይመስልዎ። ኩርፊያው ሰልችቶኝ ነው።

ጥቅሉ የመጣ ቀን ያስታውሳሉ? ወረቀቱን ፈታሁ፣ ሌላ ወረቀት፤ እሱንም ፈታሁ፣ ጥጥ። በመጨረሻ ከመሃል የወጣችው በራድ መዳፌ ላይ ተቀምጣ ቦታ ተረፋት። ልጅዎ "ለአሻንጉሊት ነው?" ብሎ ወጣ። እኔ እንባዬ ሊመጣ ሲል እርስዎ ሳጥኑን ወስደው፣ መነጽርዎን ወደ አፍንጫዎ አውርደው አነበቡ።

"መቶ አሥር ሚሊ ሊትር። ተጽፏል እኮ! ምነው እኔን ብትጠይቂኝ? የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ ነው እልሽ አልነበር?"

ከዚያ ሳቁ። በዚያ ቤት ስንስቅ የመጀመሪያችን ነበር፤ እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ፣ እርስዎ ሆድዎን ይዘው።

ለካ ትንሽነቷ ስህተት አልነበረም። ቅጠሉ ደጋግሞ ውሃ ይፈስበታል፣ ጥቂት ጥቂት እየተቀዳ ይጠጣል። ይሄን ሲረዱ ነው ወጣትነትዎ የተመለሰው። የመድኃኒት ቤቷን ትንሽ ሚዛን ከሳጥን አወጡ፤ አምስት ግራም ይሁን ካሉ አምስት ነው፣ አንዲት ቅጠል ብትበልጥ በወረንጦ ትነሳለች። አረንጓዴውን በሚንተከተክ ውሃ አቃጥዬ ሳመርረው "ሕፃን በፈላ ውሃ ታጥቢያለሽ?" ብለው ተቆጡኝ። ኡሎንጉ እንደ ቁንዶ በርበሬ ፍሬ ድብልብል ብሎ ገብቶ ሙሉ ቅጠል ሆኖ ሲዘረጋ "እይው፣ እንደ ድመት ተንጠራራ!" አሉ። በሚቀጥለው ትዕዛዝ ክቡ ፑኧር የመጣ ዕለት ደግሞ አገላብጠው አሽትተው "ይሄ ሻይ ነው ወይስ ኩበት?" ብለው በቢላ ሲፈልጡት ግማሹ ጣሪያ ነካ። እሱን ግን ከሁሉ አስበልጠው ወደዱት። እኔ ነጩን ወደድኩ፤ እርስዎ "ውሃ ውሃ የሚል ነገር" እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ገበያው የእርስዎ ሆነ። ታብሌቱን ጉልበትዎ ላይ አድርገው እያንዳንዱን ጽሑፍ ያነባሉ፤ ግራሙን፣ የተለቀመበትን ዓመት፣ ሌሎች ገዢዎች የጻፉትን አቤቱታ። "በካልሲ ዋጋ የአርባ ዓመት ሻይ? ሞኝህን ፈልግ በይው!" ይላሉ። አንዱ ሻይ ስኳር በሽታ ያድናል ብሎ የጻፈ ጊዜማ ጥያቄ ካልጻፍሽልኝ ብለው አስጨነቁኝ። "መድኃኒት ከሆነ መጠኑ ስንት ነው? ጉዳቱስ?" ሰውየው በማሽን አስተርጉሞ "የተከበሩ ታላቅ እህት፣ ሻዩ ስለ እርስዎ በጣም ደስተኛ ነው" ብሎ መለሰ። አንድ ሳምንት ሳቅን። እርስዎ መርጠው "ወደ ቅርጫት አስገባ" የሚለውን ይጫናሉ፤ እኔ በስልኬ ምስጢር ቁጥሩን አስገብቼ እከፍላለሁ። የሥራ ክፍፍላችን ይሄ ነበር። ስሜን መጥራት የጀመሩትም ያኔ ነው። መቼ እንደሆነ ልብ አላልኩትም፤ አንድ ቀን ስሜን ሰማሁ፣ አቤት አልኩ፣ በቃ።

ልጅዎና እኔ ስለተለያየንበት ነገር ብዙ አልጽፍም። ክፉ ሰው አይደለም። ብቻ አብሮኝ ሳለ እንኳ የሌለ ሰው ነበር፤ ስድስት ዓመት ለባዶ ወንበር ማውራት ደከመኝ። ሻንጣዬን ያዘጋጀሁ ቀን ቤት ውስጥ እሱ፣ እኔና እርስዎ ብቻ ነበርን። በርዎ ዝግ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ጫማዬን ሁለት ጊዜ ፈትቼ አሰርኩ። ወጥተው "ሂጂ" ወይም "አትሂጂ" ቢሉኝ ሁለቱንም እቀበል ነበር። የቁልፉን ድምፅ ሰማሁ፤ ከውስጥ ሲዞር። እሱ ድምፅ ከፍቺው ወረቀት ይበልጥ አቆሰለኝ። "ለካ የልጇ እናት ናት፤ እኔ ማን ነኝ?" ብዬ ወጣሁ። እማማ፣ ከልጅዎ ይልቅ በእርስዎ ነበር ቂም የያዝኩት።

አሁን ወደ ጉዳዩ ደረስኩ።

ከወጣሁ ከአምስት ወር በኋላ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ለሥራ ባልደረባዬ ስጦታ ልፈልግ ያንን የገበያ ገጽ ከፈትኩ። ቅርጫቱ ውስጥ አንድ ነገር አለ። ሃምሳ ግራም ነጭ ሻይ። እኔ አላስገባሁም። ታብሌትዎ አሁንም በእኔ ስም እንደተከፈተ መሆኑን ያኔ ነው ያስታወስኩት። እርስዎ ቤት ሆነው የተጫኑትን እኔ እዚህ አየዋለሁ። ልቤ ዘለለ፤ ወዲያው ግን ያ የቁልፍ ድምፅ መጣብኝና ንዴቱ አየለ። "ሻይሽን ልጅሽ ይግዛልሽ" ብዬ አጠፋሁት።

በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ገባ። አጠፋሁት። በሳምንቱ ገባ፤ አንድ ሲኒ ተጨምሮበታል። ሁለቱንም አጠፋሁ። አራት ጊዜ እማማ። አራት ጊዜ እያወቅሁ፣ ጠረጴዛዬ ላይ የሰው መነጽር እያጸዳሁ፣ በአንድ ጣቴ። አንዴማ ገና ሲያስገቡት እያየሁ ነው ያጠፋሁት። ማዶ ሆነው ስክሪኑን ሲያሹት፣ መነጽርዎን ሲወለውሉ ታየኝ። ደስ አለኝ ብል ይሻላል፤ ምክንያቱም ደስ ብሎኝ ነበር።

በአምስተኛው ሻዩ ተመለሰ፤ ሲኒው ግን አንድ መሆኑ ቀርቶ ሁለት ነው። ልጅዎ ሻይ እንደማይጠጣ አውቃለሁ። ቁጥሩን እያየሁ ቆየሁ። ጣቴ አልታዘዝ አለኝ። ያን ቀን ከፈልኩ፤ በእኔ አድራሻ አስመጣሁት፤ ጥቅሉ ሲደርስ ሳልፈታ ይዤ መጣሁ።

በሩን ከፍተው ከላይ እስከ ታች አዩኝና "ከስተሻል" አሉኝ። ከዚያ ጥቅሉን አይተው "ዘገየ" አሉ።

"ፖስታ ቤቱ ነው" አልኩ። የመጀመሪያው ውሸቴ ይሄ ነው።

ውሃ ጣዱ። ጀርባዎን ሰጥተውኝ ቆመው ሳለ እንደምንም ብዬ ጠየቅሁዎት፤ "ያን ቀን ለምን አልወጡም?"

አልዞሩም። "ብወጣ እግርሽ ላይ ወድቄ አትሂጂ እልሽ ነበር። አንቺ ደግሞ ለእኔ ብለሽ እሺ ትይ ነበር፤ አውቅሻለሁ። ልጄንም አውቀዋለሁ። ስለዚህ እንዳልወጣ በራሴ ላይ ቆለፍኩ።"

ወሬ ለመቀየር ብዬ "ነጭ ሻይ መቼ ጀመሩ?" አልኩዎት።

"እኔ? ያንን ውሃ? ድንገት ብትመጪስ ብዬ ነው። አንቺ የምትወጂው ቤት ውስጥ አልቋል።" ይሄን ብለው ወደ ታብሌቱ በአገጭዎ ጠቆሙ። "እሱ ዕቃ ደግሞ ታሞ ነበር። ያስገባሁትን ሁሉ ይውጣል! የሰፈሩ ስልክ ጠጋኝ ሁለት ጊዜ ከፍቶ ምንም የለበትም አለኝ። ሌባ ነህ፣ አንተ ነህ ያበላሸኸው ብዬ ከደጄ አባረርኩት።"

እኔም ራሴን ነቀነቅሁ፤ "እንዲህ ዓይነት ዕቃ ያደርገዋል" አልኩ። ሁለተኛው ውሸቴ።

ለእኔ ብለው የሚያስገቡትን ሻይ ነው አራት ጊዜ ያጠፋሁት። ከዚያ ወዲህ አንድ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ስመጣ፣ ሲቀዱልኝ፣ "ጠጪ እንጂ" ሲሉኝ አፌ ላይ ይደርስና ይመለሳል። ቤቱ ተሸጦ፣ ልጅዎ ለሥራ ርቆ፣ እርስዎ ወደ ታላቋ ልጅዎ ሲሄዱ፣ "አሁንማ ሆድ ይፍጀው" አልኩ። ግን አብረው ይኑሩ ብዬ እየለመንኩ ይሄን ደብቄ ልይዝዎት አልችልም።

ባለፈው ማክሰኞ ጠጋኙ ዘንድ ሄጄ ነበር። ሱቁ እዚያው ነው፣ ከዳቦ ቤቱ ጎን። ሁሉንም ነገርኩት። ሲሰማ ይቆጣል ብዬ ነበር፤ ሳቀ፣ ቀጥሎ ፊቱን ኮስተር አድርጎ "ለእኔ አንቺ መንገርሽ አይበቃም፤ እሳቸው መጥተው ሌባ አይደለህም ይበሉኝ" አለ። እንግዲህ እዚህ ከመጡ ይህም አለብዎት። ዕዳውን ያመጣሁብዎት እኔ ነኝና አብሬዎት እሄዳለሁ።

ስለ ክፍሉ ልንገርዎ። ሰፊ አይደለም። መስኮቱ ጠዋት ፀሐይ ያስገባል፤ ከሰዓት ግን የጎረቤት ግድግዳ ይጋርደዋል። ቧንቧው አንዳንዴ ያፏጫል። እኔ ከሥራ የምመለሰው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስለሆነ ቀኑን ብቻዎን ነዎት። አሁንም ሳህን አንኳኳለሁ፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ልጅዎ ሊጠይቅዎ ሲመጣ በሩ ክፍት ነው፤ እኔ ሰላም ብዬው ገበያ እወጣለሁ። በሌላ በኩል የልጅ ልጆችዎን ጫጫታ ቢናፍቁ፣ በየበዓሉ ራሴ አደርስዎታለሁ። ታላቋን ልጅዎን እናቷን ልነጥቃት አይደለም። ሳሎን ሶፋ ላይ ተኝተው ሁሉም ካልተኛ መብራት እንደማይጠፋልዎ ስለነገሩኝ ነው።

ይቅር ካሉኝ ደስ ይለኛል። ካላሉኝም ይቆጡኝ፤ እንደ ድሮው፣ በግራም ለክተው። ዝም ብቻ አይበሉኝ። ዝምታዎን አንዴ በተሳሳተ መንገድ ተርጉሜ አምስት ወር ከስሬያለሁ።

እሁድ ከምሳ በኋላ እደውላለሁ። ስልኩን ራስዎ ያንሱት፣ ድምፅ ማጉያውን ያጥፉት፣ ወደ መኝታ ቤት ይዘውት ይግቡ። "እሺ"ም ቢሆን "አይሆንም"ም ቢሆን ከአፍዎ ልስማው። እሺ ካሉ በማግስቱ መጥቼ እወስድዎታለሁ፤ ፈቃድ ከአሠሪዬ ጠይቄያለሁ፣ መልስዎን ሳላውቅ።

ምራትዎ ነበርኩ። አሁን ምንዎ እንደሆንኩ እሁድ ይንገሩኝ።