«ሥሪ» ያልኩሽ ቀን

አምቦ፣ ጥር 2017 ዓ.ም.

ውድ ጂቱ፣

ስልክሽ አለኝ። በየሳምንቱ እደውልልሻለሁ። ስለ ድንቹ፣ ስለ ገብሱ፣ አንቺ ጋ ሐሮ ወንጪ ሐይቅ ዳር ስለሚወርደው ውርጭ እንጫወትና «በይ ደህና ዋይ» ብዬ እዘጋለሁ። ልነግርሽ ያሰብኩት ነገር ግን ሳይነገር ይቀራል፤ ድምፅሽን ስሰማ ልቤ ይከዳኛል። ስለዚህ ዛሬ ወረቀት ያዝኩ። እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

መጀመሪያ ግን ትንሽ ስለ ድሮው ላውራሽ። ናፍቆኛል።

መስከረም 2011 ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ ነበር የተቀጠርነው፤ እኔ የድንጋይ መቁረጫው ድርጅት ጸሐፊ፣ አንቺ ማሽን ላይ የቆምሽ ብቸኛ ሴት። ሥራውን ያስተማሩሽ ሽማግሌ፣ ኦቦ ኦሊቃ፣ በመጀመሪያው ቀን ከላይ እስከ ታች አይተውሽ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይህ ሥራ ወገብ ይፈልጋል» ሲሉሽ፣ «ወገብማ አለኝ፤ የወንጪን አቀበት እንሰት ተሸክሜ ነው የወጣሁት» ብለሽ አሳቅሻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጃቸው ሆንሽ።

ምሳ የምንበላው ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ጸሐይ ያሞቀው የድንጋይ ክምር ላይ ነበር። አንቺ ቆጮና ማር፣ እኔ ሽሮ። ብናኙ ቅንድብሽንና ሽፋሽፍትሽን አንጥቶት «ተመልከቺ፣ ሳላገባ አረጀሁ» ትይኝ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ፍል ውሃ ሄደን ያንን ብናኝ ከፀጉርሽ ለማስለቀቅ ስንታገል፣ መታጠቢያው የሚዘጋበት ሰዓት እየደረሰ ዘበኛው ይጮህብን ነበር። ማሽኑ ሲነሳ ማንም ማንንም አይሰማም። እኔ ግን በቢሮዬ መስኮት ከንፈርሽ ሲንቀሳቀስ አይና እየዘፈንሽ እንደሆነ አውቃለሁ። የትኛውን ዘፈን እንደሆነ እንኳ ከትከሻሽ እለየው ነበር። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ አድርጌ ያየሁት ሰው የለም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ።

በ2013 የካቲት ላይ የማሽኑ መሸፈኛ ክዳን ተሰነጠቀና «ይጠገን» ተብሎ ተነሳ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አልተመለሰም። አንድ ሰኞ ጠዋት ጓንትሽን በብብትሽ ይዘሽ ቢሮዬ ገባሽ።

«ሩት፣ ምላጩ ራቁቱን ነው የሚዞረው። ድንጋዩ እርጥብ ሲሆን ይንሸራተታል። ጻፊልኝ፣ ልፈርም።»

ጻፍኩልሽ። ፈረምሽ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የደህንነት መመሪያ የተየብኩት እኔ ራሴ ነበርኩ፤ ሠራተኛ አደጋ የሚያመጣ ነገር ሲያይ ወዲያው ያሳውቅ፣ አሠሪው ደግሞ ወዲያው ያስተካክል ይላል። አንቺ የድርሻሽን አድርገሻል። ማመልከቻውን ለሥራ አስኪያጁ ለአቶ ዘገየ ወሰድኩላቸው። ቆመው አነበቡትና መለሱልኝ።

«ይህ ትዕዛዝ ይለቅ፣ ከዚያ እናሠራዋለን። ለጊዜው አስቀምጪው።»

መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ሐሙስ ጠዋት፣ ሥራ ሳይጀመር፣ በር ላይ አገኘሽኝ። ይህን ታስታውሻለሽ፣ ግን የማታውቂው ነገር አለው። «ምን አሉሽ? ልሥራ ወይስ እስኪመጣ ልቁም?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ጂቱ፣ «ቁሚ» ብልሽ ትቆሚ ነበር። ኦቦ ኦሊቃም አብረውሽ ይቆሙ ነበር። እኔ ግን አቶ ዘገየ «ማን አቁሚ አላት?» ብለው እንዳይጠይቁኝ ፈራሁ። «አዘዋል፣ እስከ ቅዳሜ ይመጣል። ሥሪ፣ ግን ተጠንቀቂ» አልኩሽ። ያዘዘ ሰው አልነበረም። ቅዳሜ የሚመጣም ነገር አልነበረም። ከራሴ ፈጥሬ ነው የነገርኩሽ። አንቺም አምነሽኝ ሄድሽ።

አራት ሰዓት ሳይሞላ የኦቦ ኦሊቃን ጩኸት ሰማሁ። ስደርስ መብራቱን አጥፍተውታል፤ አንቺ ግራ እጅሽን በቀኝሽ ጨብጠሽ መሬት ላይ ተቀምጠሻል። ነጠላዬን ጠቀለልኩበት። ሐኪም ቤት እስክንደርስ ያለቀስኩት እኔ ነበርኩ፤ አንቺ «ሩት፣ ሂን ቦኢን፣ አታልቅሺ» ትይኝ ነበር። ሁለት ጣት ያጣችው አንቺ፣ የምትጽናናው እኔ።

በሦስተኛው ቀን አቶ ዘገየ የአደጋውን ሪፖርት አስጻፉኝ። «ሠራተኛዋ የተሰጣትን የደህንነት መመሪያ በመጣስ፣ በራሷ ቸልተኝነት» እያሉ ከኋላዬ ቆመው እየነገሩኝ ተየብኩት። አንድ ጊዜ እጄ ቆመ። «ምን ሆንሽ?» አሉኝ። «ምንም» ብዬ ቀጠልኩ። ያ አረፍተ ነገር ምን እንደሚያደርግሽ አውቅ ነበር። ጥፋቱ የሠራተኛው ሲሆን ድርጅቱ እጁን ይታጠባል።

ከሐኪም ቤት ስትወጪ ወረቀቱን ሰጡሽ። እጅሽ በፋሻ እንደታሰረ ይዘሽው መጣሽና «ይህን ማን ጻፈው?» አልሽኝ። «እኔ እንጃ፣ ከላይ የመጣ ነው» አልኩሽ። አየሽኝ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፈሽ በደረትሽ ከተትሽው፣ ሳምሽኝና ወደ አገርሽ ወደ ወንጪ ሄድሽ።

ምሳዬን ከዚያ በኋላ ቢሮ ውስጥ በላሁ።

በዓመቱ ከመንግሥት የመጣች ቢሊሴ የምትባል የሥራ ቦታ ደህንነት ተቆጣጣሪ የአደጋ መዝገቡን ጠየቀች። አቶ ዘገየ አዲስ አበባ ነበሩ። ሪፖርትሽን አነበበችና ቀና ብላ «ይህች ልጅ ከአደጋው በፊት ምንም አላመለከተችም?» አለችኝ። መሳቢያውን ከፍቼ ማመልከቻሽን አወጣሁላት። ጠረጴዛው ላይ ከሪፖርቱ ጎን አስቀመጥኩት።

ማሽኑ ክዳን እስኪገጠምለት ታሸገ። ሪፖርቱ ተሻረ፤ ጥፋቱ የድርጅቱ ነው ተባለ፣ የሚገባሽ ካሳም ተሰጠሽ። አቶ ዘገየ «ማን ሰጣት?» ብለው ሲጠይቁ «እኔ» አልኩ። ወደ መጋዘን አዛወሩኝ። አሁንም እዚያው ነኝ፣ ግን ሠራተኞቹ የደህንነት ኮሚቴው ጸሐፊ አድርገው መርጠውኛል። ለኔ ይህን ማለት ይከብዳል፤ ሲመርጡኝ አንቺን ምን እንዳልኩሽ አያውቁም ነበር።

ያኔ ውሳኔው ሲደርስሽ እየሳቅሽ ደወልሽልኝ። «እግዜር ይስጣት ያቺን ተቆጣጣሪ! ማመልከቻዬን ግን ከየት አገኘችው?» አልሽኝ። «ከፋይል ውስጥ» አልኩሽ። እንደገና ዋሸሁ። መሳቢያውን ብነግርሽ ያቺን የሐሙስ ጠዋት መንገር ግድ ይሆንብኛል ብዬ ነው።

ባለፈው ጥቅምት የኮሚቴው አባላት ወንጪን ልንጎበኝ መጥተን አልነበር? ከሩቅ አየሁሽ። ሐይቁ ዳር፣ ጎብኚ የምታሻግሪበት ጀልባ ጋ ቆመሽ አንድ ወፍራም ሰውዬ «እኔ ዋና አውቃለሁ» እያለ ሲከራከርሽ፣ በሦስት ጣትሽ የመንሳፈፊያውን ጃኬት ዘርግተሽ «ኦቦ፣ ይህን ሳይለብሱ እግርዎ ጀልባዬን አይረግጥም» ስትይው። ለበሰ። እኔ ከዛፍ ሥር ቆሜ አለቀስኩ፣ ከዚያ ፊቴን ታጥቤ መጥቼ ሳምኩሽ። ምን ሆንሽ ብትይኝ አቧራ ነው አልኩሽ።

ትናንት ማታ ደግሞ ደወልሽልኝ። አንቺና ባልሽ ጉተማ ተማክራችሁ የልጃችሁ የክርስትና እናት እኔ እንድሆን እንደወሰናችሁ ነገርሽኝ። «ሌላ ሰው አልፈልግም፣ ከአንቺ በላይ የማምነው የለም» አልሽኝ። እሺ አልኩሽ። እሺታዬ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ የወንጪ መስመር ሹፌሩ ተሬፋ ነው። ከእሑዱ ክርስትና በፊት በእጅሽ ይገባል። «አልቀበልሽም» ብለሽ መልስ ለመጻፍ አትጨነቂ። እሑድ ማለዳ መጥቼ በጀልባው ከሕዝቡ ጋር ወደ ደሴቱ ቤተ ክርስቲያን እሻገራለሁ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይም እቆማለሁ። ልጅቷን ለሌላ ሴት ካሳቀፍሻት አልቀየምም፤ ከኋላ ቆሜ አብሬያችሁ እጸልያለሁ፣ ጠበሏንም ሳልጠጣ አልመለስም። ለእኔ የምትሰጪኝ ከሆነ ግን፣ ማን እንደሆንኩ አውቀሽ ስጪኝ።

«ሥሪ» ያለችሽ፣

ሩት