የሰይድ መኪና ፍተሻ

ሰኞ ኅዳር 8፣ ከጠዋቱ 1 ሰ.

መብራቱ ይሠራል። ፍሬቻው ይሠራል። ክላክሱ ያገሳል። የማይሠራው ሰይድ ነው! ትራፊክ ነኝ ብዬ እጄን ዘርግቼ ግቢው በር ላይ አስቆምኩት። ሊብሬ አምጣ አልኩት። መቀመጫውን ገለበጠ፣ መሳቢያውን ገለበጠ፣ በመጨረሻ ከኮፍያው ውስጥ አወጣው። ከኮፍያው! ደብተሬ፣ በሳቅ ልሞት ነበር። ዕድሜዬን በሙሉ ከባድ መኪና ስነዳ እንዲህ ያለ አላየሁም።

ነገሩ ግን የሳቅ አይደለም። ሰይድ የአልዩ አምባ ልጅ ነው፣ አራት ነፍስ ያሳድራል። ባለፈው ወር መንገድ ላይ ተፈትሾ ወደቀ። ባለመኪናዋ ወ/ሮ ብርቄ ከደገመው ቁልፉን ለሌላ እሰጣለሁ ብላለች። ቅዳሜ ከደ/ብርሃን ሲሚንቶ ጭኖ በአንኮበር ወደ አገሩ ይወርዳል። መንገዱ ላይ፣ ጎረቤላ ከተማ፣ ፍተሻ አለ። ለእኔ ተይው፣ ለፍተሻው አዘጋጀዋለሁ አልኳት። ቤት ቁጭ ብዬ ከግድግዳ ጋር ከማወራ!

ረቡዕ ኅዳር 10፣ ከሰዓት

ዛሬ ታኮ። ሰይድ ከመቀመጫው ሥር ድንጋይ ይዞ ይዞራል። ዳገት ላይ ሲቆም ጎማ ሥር ይወሽቀዋል። ከአባቱ የወረሰው ነው አለ። ድንጋይ ይወረሳል? ጣለው አልኩት። «ጋሼ፣ ወላሂ ይሄ ድንጋይ ከአንዳንድ ሰው ይሻላል፣ አይጨቃጨቅም።» ማንን እንደሆነ ገብቶኛል። የእንጨት ታኮ ራሴ ጠርቤ ሰጠሁት።

የኋላ ግራ ጎማ ከውስጥ በኩል ዘይት አለው። ትንሽ። በናፍጣ አጥበን መስታወት አደረግነው። የእኔ ዘመን ሾፌር ለፍተሻ የሚዘጋጀው እንዲህ ነው፤ ትራፊክ ንጹሕ ካየ አይጎነበስም። ሃያ ጊዜ አልፌበታለሁ።

ዓርብ ኅዳር 12

አለፈ! ወ/ሮ ብርቄ ራሷ ትራፊክ ሆና አስቆመችው፣ ነጠላዋን ደረቷ ላይ አመሳቅላ። ሰይድ ሞተር አጠፋ፣ የእጅ ፍሬን ሳበ፣ ታኮ አስገባ፣ ወረቀቱን በተራ ሰጠ። እንከን ፈልጋ ፈልጋ አጣች። ሟች ባለቤቴ ብታየኝ እንደገና ሾፌር ሆንክ ብላ ትስቅብኝ ነበር።

ቅዳሜ ኅዳር 13፣ ከጠዋቱ 12 ሰ. ተኩል

ተጭኖ ቆሟል። እጄን ከዚያው ከኋላ ግራ ጎማ ጀርባ ሰደድኩ። እርጥብ! አሸተትኩት። የፍሬን ዘይት ነው።

ሰይድ ጨርቅ ይዞ መጣ፣ እንዳስተማሩኝ ልጥረገው አለ። እንዳስተማሩኝ! ጆሮዬ ጋለ። የአንኮበርን ቁልቁለት አውቀዋለሁ። ትራፊኩ ባይጎነበስ ገደሉ አይምረውም። ሃያ ጊዜ ያለፍኩት በጉብዝናዬ አልነበረም፣ እግዜር ነው።

ቁልፉን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ።

3 ሰ.

ወ/ሮ ብርቄ ጮኸች። ደንበኛ ይጠብቃል፣ ይሄን ያህል ቀን ምን ስታዩ ከረማችሁ አለች። ሰይድ አቀረቀረ። እኔን እንዳያሳጣ ነው። ይሄ ልጅ! አይቼዋለሁ፣ አጥበህ እለፍ ያልኩትም እኔ ነኝ፣ አጠፋሁ አልኩ። ግቢው ሁሉ ሰማ። አጠፋሁ ስል ሟች እንኳ ሰምታኝ አታውቅም። ወ/ሮ ብርቄ ትክ ብላ አየችኝ። መካኒክ ጠራች። ሰይድስ አልኳት። የሰይድ መኪና ከሰይድ ጋር ነው፣ ቁልፉን የያዙት እርስዎ ነዎት አለች!

5 ሰ. ተኩል

ጎማው ወጣ። የፍሬኑ ላስቲክ ተበልቶ አልቋል። ጭነቱን ይዞ ቢወርድ ግማሽ መንገድ አይደርስም ነበር አለ መካኒኩ። ሰይድ አልሐምዱሊላህ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔም ሄጄ ከጎኑ ተቀመጥኩ፣ ደስታ ነው፣ ደስታ!

ወ/ሮ ብርቄ ሌሎቹን ሾፌሮቼንም ያስተምሩልኝ ብላለች፣ ሰኞ ይመጣሉ። መጀመሪያ የማስተምራቸው፦ ዘይት ካያችሁ አትጥረጉ፣ ጩኹ። አዲሱ ላስቲክ ገብቷል። ሰይድ ፍሬኑን እንሞክር፣ ይሳፈሩ ጋሼ እያለ ነው። ሙከራው ከሠመረ አብሬው እስከ ታች እወርዳለሁ፣ ቆርጫለሁ። ጎረቤላ ላይ ሲያስቆሙን እኔ ራሴ ጎንበስ በሉና እዩ እላቸዋለሁ።