የማያልቀው ዓርብ

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ
ዘላቂ ልማትን በገንዘብ ለመደገፍ የተጠራው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ዛሬ ጠዋት ተከፈተ። ለጋዜጣችን የምዘግበው እኔ ነኝ። ስምምነቱ ዓርብ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይጸድቃል ተብሏል።

የጉባኤው ቃል አቀባይ መግለጫ ሰጠ። ገና ወንበሩን ሳያሞቅ "ታሪካዊ" አለ። ያለፈውም ጉባኤ ታሪካዊ ነበር። ከዚያ በፊት የነበረውም። ይህን ሁሉ ታሪክ የት ልናስቀምጠው ነው?

ማታ እህቴ ዘንድ አለፍኩ። የውሃ መስመር ሊዘረጋ የተቆፈረው ቦይ ደጃፏ ላይ ክፍቱን ከርሟል። በሳንቃ ተሻግሬ ገባሁ። የሰፈሩ የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ እሷ ናት። ገንዘቡ የሚመጣው ከዚሁ ስምምነት ነው። ጉባኤው እስኪዘጋ ካልተፈቀደ ኮንትራክተሩ ቦዩን ደፍኖ፣ ቱቦውን ጭኖ ይሄዳል። ውሉ እንደዚያ ይላል።

"ይፈርማሉ?"
"ይፈርማሉ ይላሉ፣ እታለም።"
"እነሱን መቼ ጠየቅኩ! አንተስ?"
ሳንቃውን ተሻግሬ ወጣሁ።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ
ቀኑን ሙሉ አንድ አንቀጽ። ጠዋት "ይከፍላሉ" ነበር። ከሻይ በኋላ "ለመክፈል ይጥራሉ"። ከምሳ በኋላ "ለመጣር ያላቸውን ፍላጎት ይገልጻሉ"። ራት ባይኖር ጥሩ ነው።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ
አልተስማሙም። ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ሲል አንድ ሠራተኛ መሰላል ይዞ ገባ። የአዳራሹን ሰዓት ባትሪ አውጥቶ፣ ኪሱ ከቶ ሄደ። ማንም አልሳቀም። ቃል አቀባዩን በር ላይ ያዝኩት።

"ምን ማለት ነው?"
"ሰዓቱ ቆሟል። የተለመደ አሠራር ነው። እስኪስማሙ ድረስ ጉባኤው አልተዘጋም፤ ቀኑም ዓርብ ነው።"
"ነገስ?"
"ነገም ዓርብ ነው።"
"የሆቴሉ ሂሳብስ?"
"እሱ እንኳ ይቆጥራል..." ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ጠቆረ።

ለእታለም ደውዬ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር።
"ጋዜጣው ላይ ታወጣዋለህ?"
"አወጣዋለሁ።"
"እንግዲያው ሰውዬው እንዳለው፣ አንዲት ቃል ሳትቀንስ።"
ምን አስባ ይሆን?

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ
ዜናው ወጣ። አለቃዬ ቀልድ መስሎት ከካርቱኑ ጎን ወሸቀው።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ
ኮንትራክተሩ ጠዋት ዶዘር አስነድቶ መጣ። እታለም ቦዩ ዳር ወንበር አውጥታ ተቀምጣለች። አጠገቧ አንድ እንጨት ተተክሎ፣ የሳሎኗ የግድግዳ ሰዓት ተሰቅሎበታል። ባትሪ የለውም።

"እትዬ፣ ጉባኤው የሚዘጋበት ቀን አልፏል።"
"ዛሬ እኮ ዓርብ ነው ልጄ።" ጋዜጣውን ዘረጋችለት።
አነበበ። ደገመው። "ኧረ ሰኞ ነው!"
"ላንተ። ተዘጋ ያለህ ማነው?"
የዶዘሩ ነጂ ከላይ ጮኸ፤ "አለቃ፣ ዓርብ ከሆነ የቅዳሜና የእሑድ አበሌ ቀረ ማለት ነው?"
ሰፈሩ አውካካ።

ኮንትራክተሩ ፈቀቅ ብሎ ለጠበቃው ደወለ። መዘጋቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ሳትይዝ አፈር እንዳትነካ፣ አለው ጠበቃው። ዶዘሩ እንደመጣ ተመለሰ።

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ
ቃል አቀባዩ ደወለ። ያ ልስላሴው የለም።
"ያንን ዜና አስተባብል።"
"የትኛውን ቃል ነው ያላልከው?"
"ወንድሜ፣ ዜናህ ተዛምቶ፣ ይህንኑ ገንዘብ የሚጠብቁ ኮንትራክተሮች ከየአገሩ እየደወሉ 'ዛሬ ቀኑ ምንድነው?' ይሉናል።"
"ምን ትላላችሁ?"
"ዓርብ ነዋ!"

ልዑካኑ ነገ ባትሪው ይመለስ አይመለስ በድምፅ ይወስናሉ። ከተመለሰ ወይ ይፈርማሉ፣ ወይ "አንከፍልም" ብለው ፊት ለፊት ይናገራሉ። ካልተመለሰ ቦዩ አይደፈንም፤ ውሃም የለም።

ለአለቃዬ ነገርኩት፤ ነገ የምዘግበው ከአዳራሹ ሳይሆን ከቦዩ ዳር ነው። እታለም ሁለተኛ ወንበር አውጥታልኛለች።

ውሳኔው ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ይጠበቃል። በእጄ ሰዓት።