ዕድሜ እና እድሜ

ሰኞ

አያ ታከለ ትምህርቱን ተዉት። ሰብለ ከአይከል ደውላ ነገረችኝ፤ ድምፅዋ ልክ አልነበረም።

አያ ታከለን አይቻቸው አላውቅም። ሰብለ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ጡረታቸው ደርሷል። ሰብለ ቅዳሜ ቅዳሜ ለመምህራኑ የኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍ ማስተማር ስትጀምር ከሁሉ ቀድመው የተመዘገቡት እሳቸው ናቸው። የሚማሩት እኔና ጓደኛዬ በላይ በአማርኛ እያዘጋጀን ከምንልክላት መመሪያ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ የሰውን ዕድሜ ተቀብሎ የተወለደበትን ዓመት የሚያሰላውን ምሳሌ ከመመሪያው እያዩ ጻፉ። ማሽኑ «እድሜ» የሚባል ስም አላውቅም አላቸው። ደግመው ጻፉ። ያው። እኔስ ሸምግያለሁ፣ ለወጣቶቹ ይሁን ብለው ተነሥተው ሄዱ።

ሰብለ ገጹን አጉልታ ስታየው ላይኛው መስመር ላይ «ዕድሜ»፣ ታችኛው ላይ «እድሜ» ይላል። ለኛ አንድ ቃል ነው፣ ለማሽኑ ሁለት። የላዩን የጻፍሁት እኔ ነኝ፣ የታቹን በላይ። ሁለታችንም የየራሳችንን ሞክረን ነበር፤ ሲገጣጠም የሞከረው የለም።

እኛ ደግሞ የኮድ አጻጻፍ ደንብ እናውጣ ብለን ስንከራከር የሰነበትነው ስለ ክፍት ቦታ ነው። መስመሩ ከዳር በሁለት ክፍት ቦታ ወደ ውስጥ ይግባ ወይስ በአራት።

ማክሰኞ

ከሥራ ስወጣ ፒያሳ፣ ወደ በላይ ቢሮ ሄድሁ።

በላይ ነገሩን አላካበደውም። በኮዱ ውስጥ ያለው ስም ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሁን፣ ያልቃል፤ ዓለም የሚጽፈው እንዲያ ነው አለ። እንዲያ ከሆነ መመሪያውን ለምን በአማርኛ አደረግነው አልሁት። ትንሽ ተኳረፍን። በኋላ ራሱ ስልኩን አንሥቶ ሰብለን ጠየቃት። ተማሪዎቿ የእንግሊዝኛው ስም ምን ማለት እንደሆነ ሲያስቡ ዋናው ሐሳብ እንደሚያመልጣቸው ነገረችው። እስክትጨርስ ሰማትና «እሺ፣ በአማርኛ ይሁን» አለ። በላይ ሐሳቡን ሲቀይር ሰበብ አይደረድርም፤ ይህን እወድለታለሁ።

ግን በየትኛው ፊደል? እንደ ግእዙ ይሁን፣ ትክክሉ እሱ ነው አልሁ። እሱ የቄስ ትምህርት ቤት ደጅ እንዳልረገጠ፣ የትኛው ፊደል የት እንደሚገባ የሚያውቅበት መንገድ እንደሌለው ነገረኝ። አብዛኛው ተማሪም እንደሱ ነው። አባባን ልጠይቅ ብዬ ተለያየን።

ረቡዕ

አባባ መሪጌታ ናቸው። ፊደል ያስቆጠሩኝም እሳቸው ናቸው። ከቅዳሴ ወደ ቤት፣ ወደ ፀዳ እስኪመለሱ ጠብቄ ላፕቶፑን ከፍቼ አሳየኋቸው።

ዕድሜ በዐይኑ ዐ ነው አሉ፤ ሌላ ነገር የለውም። የአይከሉን መምህር ነገር አጫወትኋቸው፤ ተማሪው ይህን እንደማያውቅ፣ በአንዲት ፊደል ምክንያት ሥራው ሁሉ እንደሚቆምበት አስረዳኋቸው። ለአንድ ድምፅ አንድ ፊደል ብቻ መርጠን በሱ ብንጽፍስ አልሁ፤ በኮዱ ውስጥ ላሉት ስሞች ብቻ።

«እና ፊደሉን ልትቀንሱት ነው?»

አይደለም አልሁ። ላፕቶፑን ወደኔ ገፋ አድርገው ራት አቅርቢ አሉ። ልቆጣቸው አልችልም። ያረጁት ያንን ፊደል ሲያስተምሩ ነው።

ሐሙስ

ከበላይ ጋር በስልክ ተነጋግረን ጨረስን። መስመር የሚገባው በአራት ክፍት ቦታ (በላይ አሸነፈ)። ሁለት ቃል ያለው ስም በታች ሰረዝ (_) ይያያዛል። ስም ውስጥ የሚገቡት ሃሌታው ሀ፣ እሳቱ ሰ፣ አልፋው አ እና ጸሎቱ ጸ ብቻ ናቸው፤ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ሌሎቹ አይገቡም። ከኮዱ ውጭ ያለው ማብራሪያ ግን እንደ ግእዙ ይሁን አልሁ። ለአባባ ብዬ ነው፣ ለራሴም። በላይ አልተቃወመም። ስለ አባቴ ስለነገርሁት ይመስለኛል።

ማረም ጀመርሁ። መብራት ጠፋ። ባትሪው እስኪያልቅ ጥቂት ገጽ አረምሁ። ደህና ነው።

ዓርብ

የታረመውን ቢሮ አትሜ ይዤ መጣሁ። አባባ ራሳቸው «ያን ጽሑፍ እስቲ አምጪው» አሉኝ። አልጠበቅሁም። መነጽራቸውን አድርገው መስኮቱ ሥር ተቀመጡ። ስሕተት ሊፈልጉብኝ ነው አልሁ በልቤ።

ብዙ ቆይተው ጠሩኝ።

«እዚህ ላይ ‹ዕድሜ የሚለውን ስም ጻፍ› ትያለሽ፤ በዐይኑ። ከታች ኮዱ ላይ በአልፋው ነው። ያ የአይከሉ መምህር እንደገና አይሰናከልም?»

ማብራሪያውን ለእርስዎ ብዬ ነው እንደ ግእዙ የተውሁት አልኋቸው።

«ለኔ ብለሽ ሰው አታሰናክይ።»

እርሳስ ተቀበሉኝና ማብራሪያው የኮዱን ስም በሚጠራበት ቦታ ሁሉ ራሳቸው አረሙት። ዕድሜ የነበረው እድሜ ሆነ። ኃይል፣ ሀይል። ሥራ፣ ስራ። ከእያንዳንዱ በፊት እርሳሱ ትንሽ ይቆማል፣ ከዚያ ይጽፋል። ውኃ ልቅዳ ብዬ ወጣሁ።

ቅዳሜ

ሰብለ ማታ የላክሁላትን አዲስ ገጽ ይዛ ጠዋት አያ ታከለ ቤት ሄደች። ስሕተቱ የመመሪያው እንጂ የሳቸው እንዳልነበረ ነገረቻቸው። ከዚያ ሌላም ሰው እንዲሁ ተሰናክሎ እንደሆነ ጠየቋትና ኮታቸውን ለበሱ።

ከሰዓት በኋላ ራሳቸው ደወሉልኝ። ድምፃቸውን የሰማሁት ገና ዛሬ ነው።

«ሸጋ ነው ልጄ። ማሽኑ ተቀበለኝ።»

የክፍሉን መምህራን ሁሉ የተወለዱበትን ዓመት አስልተውላቸዋል። ዕድሜዬን አልነግርም ያለቻቸው ሰብለ ብቻ ናት። እየሳቁ ነው ይህን የነገሩኝ፤ እኔም ስቄ ዓይኔን ጠረግሁ።

ለአባባ ስነግራቸው እሰይ አሉ። ቀጥለው ሰውየው የየትኛው ደብር ሰው እንደሆኑ ጠየቁኝ። አላውቅም፣ እጠይቃለሁ። በላይ «ደስ ብሎኛል» ብሎ ጻፈልኝ። ለበላይ ይህ ረጅም ደብዳቤ ነው።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ስልኬ ላይ መልእክት አገኘሁ። እንፍራንዝ ያለች ነርስ ናት፤ መመሪያውን ከጓደኛዋ አግኝታ ልጆች የሚከተቡበትን ቀን የሚያስታውስ ትንሽ ፕሮግራም እየጻፈች ነው። የእናቲቱን ልጅ አንድ ቦታ «ልጇ»፣ ሌላ ቦታ «ልጅዋ» ብላ ጽፋ ማሽኑ እንቢ አላት። በደንባችሁ የትኛው ነው ትላለች።

ደንባችን ስለዚህ የሚለው ነገር የለም። ለበላይ ስነግረው ሳቁን ማቆም አቃተው። አባባ ደግሞ ሁለቱም ይባላል ብለው ወደ ንባባቸው ተመለሱ።

እስክንወስን አንዱን መርጣ በሱ ብቻ እንድትጽፍ መለስሁላት። ምን እንደምንወስን ገና አላውቅም። ምናልባት ሌላም ያላየነው ብዙ አለ። ሴትዮዋ ግን ማሽኑ እንቢ ሲላት ጥፋቱ ከኔ ነው ብላ አልተወችውም። እኛን ጠየቀች። እግዜር ይስጣት።