ሳትከራከር የምትገዛው ደንበኛ

ለልጄ ለናዝራዊት፣

ባለሽበት የሰው አገር ኪዳነ ምሕረት አትለይሽ። ቡራዩ ሁላችንም ደህና ነን፤ ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹም «በርቺ» ብለውሻል። ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም። የማታ ትምህርቴን ጨርሻለሁ፤ መምህሩ እንኳ የእጅ ጽሑፌን አይቶ የራሱን ደበቀ።

ሰልባጅ ልብሱን አሁን በቴሌግራም ነው የምሸጠው፤ መልሱንም የምጽፈው እኔው ነኝ። የሱሉልታዋ ሃዋ ስምንት መቶ ያልኩትን ጃኬት «በሁለት መቶ ይሁን፣ እማማ» አለችኝ። «በሁለት መቶማ ዚፑን ብቻ ልላክልሽ» አልኳት። ስቃ በስድስት መቶ ወሰደችው።

አንድ ነገር ግን ሲከነክነኝ ከረመ። ስሟን የማላውቃት የሰበታ ደንበኛ የለጠፍኩትን ሁሉ ሳትከራከር ትገዛለች። እዚህ አገር ሳይከራከር ልብስ የሚገዛ ማን አለ? ጠርጥሬ ዕቃዋን ራሴ ይዤላት ሄድኩ። በሩን የከፈተችው ጓደኛሽ ትጊ ናት! ልብሶቼ እንደታሰሩ አልጋዋ ሥር ተከምረዋል። «ናዚ ናት ብር ልካ ግዢ ያለችኝ» አለች አንገቷን ደፍታ።

ብርሽን ለትጊ መልሼ ልብሶቹን ይዤ መጣሁ። ሁለቱ ተሸጠዋል፣ ያውም በስንት ክርክር! እናትሽ ነጋዴ ናት፣ ልጄ። አንቺም መግዛት ካማረሽ ደውለሽ እንደ ሰው ተከራከሪኝ። በዚያው ድምፅሽን እሰማለሁ።

በሰላም ገብተሽ ለመሳም ያብቃኝ።

እናትሽ ሮማነወርቅ