ቄሱ እስኪቀመጡ

እሁድ፣ ኖቬምበር 9

የተከበሩ የቲያትር ማኅበሩ ሊቀመንበር (እኔው ነኝ)፣ የተከበሩ የከተማው የባህል ክፍል ተወካይ ኮቢ፣ የተከበረችው አዘጋጃችን ኖጋ፣ የተከበራችሁ ስድስት ባዶ ወንበሮች... የዛሬው ስብሰባ ታዳሚ ይኸው ነበር። ሠላሳ ዓመት በአደባባይ የተናገረ ሰው በግል ደብተሩም ከማዕረግ ይጀምራል። ልማድ ነው። በሰባ ሁለት ዓመት ዕድሜ አይለቅም።

ኮቢ ጉዳዩን በአጭሩ አቀረበ። ከማትናሱ፣ ከሰፈሩ የባህል ማእከል፣ ሥር ያለው አዳራሻችን፣ «ምድር ቤት ቲያትር» ብለን ዘጠኝ ዓመት የኖርንበት፣ ከፋሲካ በኋላ ለፒላቴስ ስፖርት ተጠይቋል። መዳኛችን አንድ ብቻ ነው። የግምገማ ኮሚቴው «እውቅና ያለው የከተማ ቲያትር» ብሎ ከመዘገበን አዳራሹን የሚነካብን የለም። አንዲት ገምጋሚ ዲሴምበር 18 መጥታ አዲሱን ተውኔት ታያለች። ከዚያ በፊት የስኬቶቻችን ዝርዝር ይቅረብ።

«አንድ ገጽ ይበቃል፣ ደሴ» አለኝ። ያለ አቶ፣ ያለ ጋሼ። እዚህ አገር ከንቲባውንም በስሙ ነው የሚጠሩት። ለምጄዋለሁ... ለምጄዋለሁ?

ከሰዓት በኋላ ዝርዝሩን ጀመርኩ። ዘጠኝ ዓመት፣ አራት ተውኔት። ሁለት ጊዜ መብራት ጠፍቶብን በስልክ ብርሃን ጨርሰናል። አንድ ጊዜ ወደ ጎረቤቷ መዝከረት ባትያ ተጋብዘን ሄድን፤ የጋበዘን ሰው ቀኑን ረስቶት በሩ ተቆልፎ ጠበቀን። ደጁ ላይ ተጫወትን። «ከከተማ ውጭ፣ በገላጣ መድረክ የቀረበ ትዕይንት» ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አይደለም።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12

ልምምድ ተመለከትኩ። ተውኔቱ «ሽምግልና በአራተኛ ፎቅ» ይባላል። ኖጋ ከተዋንያኑ ሕይወት እየሰማች ያቀናበረችው ነው። ባልና ሚስት ተጣልተዋል። ሊያስታርቁ ቄስ ይመጣሉ፤ አሳንሰሩ ስለተበላሸ አራት ፎቅ በእግራቸው ይወጣሉ። ገብተውም፣ «እስክትታረቁ አልቀመጥም» ይላሉ። ሚስቲቱ እሺ አትልም። ለምን እሺ እንደማትል የምትናገረው በሁለተኛው ክፍል ነው። ጽሑፉን በሊቀመንበርነቴ አንብቤ አጽድቄዋለሁ። እስከ ገጽ ሃያ።

ቄሱን የሚጫወተው መንግስቴ ነው፤ ከብርቱካን ማሸጊያ ቤት ጡረታ የወጣው። ሚስቲቱ ካሣነሽ ናት፤ ሄርዝል ጎዳና ካለው ክሊኒክ የጽዳት ሥራዋን ጨርሳ ነው የምትመጣው። ጥምጥሙ ከገበያ ማእከሉ፣ ከቢሉ ሴንተር፣ የተገዛ የመጋረጃ ጨርቅ ነው። መንግስቴ ሲጠመጥመው ግን... ወገቡ ቀጥ አለ፣ ድምፁ ረጋ አለ።

«ይባርኩኝ፣ አባ» አለችው ካሣነሽ። «ትናንት የሽንኩርት ከረጢት ተሸክመው አውቶቡስ ለመያዝ ሲሮጡ አይቼዎታለሁ።»

«ዝም በይ፣ ቄስ ነኝ» አላት።

ካሣነሽን ከድሮ አውቃታለሁ። እንደመጣን ባረፍንበት የአዲስ መጤዎች መቀበያ፣ መርካዝ ክሊታ፣ ከባሏ ተጣልታ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ሆነን አስታርቀናታል። ቁጭ ባልንበት። ጥሩ ሥራ ነበር።

ኖጋ የመክፈቻ ንግግሬን በሰዓት ለካችው። «ጋሼ ደሴ፣ አሥራ ስምንት ደቂቃ ነው። ሦስት ቢሆንስ? ቤሰደር፣ እሺ?»

«ልጄ፣ ሦስት ደቂቃ የእንግዶቹን ስም እንኳ አያስጨርስም።»

«ስሙን ይተዉታ።»

ስሙን ይተዉት... እሷ እዚህ ተወልዳ ነው።

ዓርብ፣ ዲሴምበር 5

ትናንት የመክፈቻው ቀን ነበር። በምን ቃል ልመዝግበው?

አዳራሹ ሞልቷል። የአረጋውያን ክበቡ በሁለት አውቶቡስ መጥቷል። ንግግሬ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ወሰደ። በንግግሬ ምክንያት የተኛ የለም፤ የተኙት ቀድመው የተኙ ናቸው። ተውኔቱ ተጀመረ። መንግስቴ በመጋረጃ ጥምጥሙ፣ ጭራውን ይዞ፣ እያለከለከ ገባ። የፊተኛው ረድፍ ብድግ አለ። ቀጥሎ ሁለተኛው። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ቄስ ሲገባ መቀመጥ የት አለ? እኔም ተነሣሁ። ጉልበቴ ሳያማክረኝ ነው የተነሣው።

ቄስ ሳይቀመጡ ደግሞ ማን ይቀመጣል? ቄሱም በጽሑፉ መሠረት እስኪታረቁ አይቀመጡም።

አምስት ደቂቃ ቆምን። ስምንት ደቂቃ። ከኋላ የአንድ ሰው ዱላ ወደቀ። አንዲት እናት፣ «እረ ታረቁ ልጆቼ፣ እግራችን አበጠ» አሉ። ከወዲያ በኩል ሌላ ድምፅ፣ «አንቺ ልጅ፣ ሰው አይደለም እንዴ የሚሳሳተው?» ኖጋ ከመጋረጃ ጀርባ ለመንግስቴ በእጇ «ተቀመጥ» ትለዋለች። እሱ አልተቀመጠም። ኋላ እንዳስረዳን፣ በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት የቄስ ቃል ማጠፍ አፈረ።

በዚህ ጊዜ ሊቀመንበሩ ጣልቃ ገባ። ሰዓቴን አየሁ። በአደባባይ ድምፄ፣ «ለሽማግሌ ብለሽ፣ ልጄ» አልኳት።

አዳራሹ ሳቀ። ካሣነሽ አልሳቀችም። ረዥም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ፣ «እሺ። ታርቄያለሁ» አለች።

እልልታው ቀለጠ። መንግስቴ ተቀመጠ፤ ሁላችንም ተቀመጥን። የታረቀች ሴት ለምን እንዳልታረቀች መናገር አትችልምና ሁለተኛው ክፍል ቀረ። ተውኔቱ በሃያ ስድስት ደቂቃ አለቀ። ንግግሬን በሰባት ደቂቃ ብቻ በለጠው።

ኖጋ መልበሻ ክፍል ገብታ አለቀሰች። ታዳሚው ግን ተደስቶ ወጣ። «በጊዜ የሚያልቅ ቲያትር አየን» ብለው እጄን ጨብጠው አመሰገኑኝ።

እሁድ፣ ዲሴምበር 7

አስቸኳይ ስብሰባ። የኮሚቴው ደንብ ተውኔት ከአንድ ሰዓት እንዳያንስ ይላል።

ኮቢ፣ «አረጋውያኑን አትጥሯቸው» አለ። ያለ እነሱ ታዳሚ የለንም። «መንግስቴ ይቀመጥ» አልኩ። ኖጋ፣ «ቄሱ ከተቀመጡ ተውኔቱ የለም» አለች። «እንግዲያው በንግግሬ፣ በአክብሮት፣ እንዳትነሡ ብዬ ላሳስብ?» አልኩ። ካሣነሽ የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

«እርስዎ ስላሉ ማን ይቀመጣል፣ ጋሼ?» አለችኝ። «እርስዎ የሚያውቁበት ማስታረቅ ነው።»

አመሰገንኳት። ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው ምስጋና መሆኑን የተጠራጠርኩት...

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 9

ቄስ አያናው ቤት ሄድኩ። እውነተኛው ቄስ። ዘጠና ሊሞላቸው ነው። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

«ጥምጥሙ ከየት የመጣ ነው?»

«ከቢሉ ሴንተር፣ አባ። የመጋረጃ ጨርቅ ነው።»

«ለመጋረጃ ተነሣችሁ?»

«ተነሣን።»

እስኪያስላቸው ሳቁ። መጥተው አትነሡ እንዲሉልን ለመንኳቸው።

«አንተ ደሴ፣ ይህን ሕዝብ ስንት ዘመን ስታስነሣውና ስታስቀምጠው ኖረህ፣ ዛሬ አቃተህ?» መልሱንም ራሳቸው ሰጡ። «መጥቼ እቀመጣለሁ። እኔ ከተቀመጥኩ የሚነሣ የለም። ግን ሴትዮዋ ምንድን ነው የምትለው?»

«የትኛዋ፣ አባ?»

«አልታረቅም ያለችው ነቻ።»

አላውቅም ማለት አፈርኩ። «ጥልቅ ነገር ነው» አልኳቸው።

ቤት ተመልሼ ጽሑፉን ፈለግኩ። ከገጽ ሃያ ወዲያ ያለው የለም። የልጅ ልጄ ጀርባው ላይ ፈረስ ሥላበት ወደ ቤቷ ወስዳዋለች። ኖጋን ልጠይቃት? ሊቀመንበሩ ያላነበበውን አጸደቀ ትላለች። ተውኩት።

ዓርብ፣ ዲሴምበር 19

የትናንቱን በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ገምጋሚዋ ሐዳስ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች፣ ማስታወሻዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። ቄስ አያናው ከፊት፣ መሐል ላይ። እኔ በቀኛቸው። ንግግሬን ወደ አሥራ አንድ ደቂቃ ቀንሼው ነበር። ያለ ምስጋና የቀረ መሥዋዕትነት።

መንግስቴ ገባ። ሕዝቡ ከወገቡ ብድግ ብሎ ወደ ቄሱ አየ። ቄሱ ተቀምጠዋል። ሕዝቡም መልሶ ተቀመጠ። መንግስቴ የእውነቱን ቄስ ከፊቱ ሲያይ ቃሉ ጠፋው። አባ ጭራቸውን ወዝወዝ አድርገው፣ «ቀጥል፣ ቀጥል» አሉት። ቀጠለ። «እስክትታረቁ አልቀመጥም» አለ። ለብቻው ቆመ።

ሁለተኛው ክፍል ደረሰ። ካሣነሽ ወደ መድረኩ አፋፍ ቀረበች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

«አንድ ጊዜ ታርቄያለሁ» አለች። «ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ምን ሆንሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ክንዴን በነጠላ ሸፍኜው ነበር፤ እስቲ ግለጪው ያለኝ የለም። አንደኛው ትልቅ ሰው ናቸው፣ ስብሰባ ነበረባቸው። ሰዓታቸውን አራት ጊዜ አዩ። ቆጥሬያለሁ። በአራተኛው፣ ለሽማግሌ ብለሽ ልጄ፣ አሉኝ። እሺ አልኩ። እሳቸው ለስብሰባቸው ደረሱ። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ቆየሁ።»

ወደ እኔ አላየችም። ማየት አላስፈለጋትም። ሰዓቴን በእጅጌዬ ሸፈንኩት።

ያን ጊዜ ቄስ አያናው ዘንጋቸውን ተደግፈው ተነሡ። ለመንግስቴ አይደለም፤ እሱ በሌላኛው ጥግ ነበር። ፊታቸውን ወደ እሷ አድርገው ቆሙ። ከኋላችን ወንበሮች ተንጫጩ፤ ሁሉም ቆመ። መጨረሻ የተነሣሁት እኔ ነኝ። ያስቸገረኝ ጉልበቴ አልነበረም።

ክንዳቸውን ይዤ ላስቀምጣቸው ሞከርኩ። «እስክትጨርስ» አሉኝ።

ትናንት ታረቂ ያላት ሰው የለም።

እሁድ፣ ዲሴምበር 21

ጠዋት ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ። ኪሴ ውስጥ ሁለት ገጽ የይቅርታ ንግግር። «የተከበርሽ እኅቴ» ብሎ የሚጀምር።

ኮሪደሩን እየወለወለች ነበር። «ጋሼ፣ ወለሉ እርጥብ ነው። እዚያው ይቁሙ።» ቆምኩ። ወረቀቱን አላወጣሁትም።

«ቸኩዬ ነበር» አልኩ። «መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ውሃውን ጨመቀች። «ስብሰባው ስለ ምን ነበር?»

ማስታወስ ነበረብኝ። «ስለ መኪና ማቆሚያ መሰለኝ።»

«ተሠራ?»

«አልተሠራም።»

ሳቀች። ደግ ሳቅ ነው ማለት አልችልም። ክፉም አልነበረም። «ሲጠይቁኝ ከቆዩ እናያለን» አለች። ከዚያ ዞራ መወልወሏን ቀጠለች። ወለሉ እስኪደርቅ እዚያው ቆሜ፣ ስለ አሥራ አንዱ ዓመት ጠየቅኋት። ጥቂቱን ነገረችኝ። ሁሉንም አይደለም።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 19

የእውቅናው ደብዳቤ ሐሙስ ዕለት ደረሰ። ስድስት ገጽ ነው። ሐዳስ የጻፈችው፣ «ታዳሚውን በማስነሣትና በማስቀመጥ የተገነባ ደፋር የዝግጅት ሐሳብ» ይላል። ኖጋ ሁለት ጊዜ አንብባ፣ «ይህን እኔ ነኝ ያሰብኩት?» ብላ ጠየቀች። አንቺ ነሽ አልናት። ፒላቴሱ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ሄደ። ኮቢ እንዳለው አሳንሰሩ ለጊዜው አይሠራም።

የስኬቶች ዝርዝሬን መልሼ አየሁት። የገላጣውን መድረክ ሰረዝኩ። «በሩ ተቆልፎብን ደጅ ላይ ተጫወትን» ብዬ ጻፍኩበት። እንዲያውም ያምራል።

ትናንት ከእውቅናው በኋላ የመጀመሪያው ትዕይንት ነበር። የተናገርኩትን በሙሉ እገለብጠዋለሁ፤ ቦታ አይፈጅም።

«የተከበርሽ ካሣነሽ፣ የተከበሩ አባታችን ቄስ አያናው፣ የተከበርክ መንግስቴ፣ የተከበርሽ ኖጋ፣ ጉልበታችሁ እያመማችሁ የቆማችሁ ሁላችሁ። ይህን አዳራሽ ያቆያችሁት እናንተ ናችሁ፤ ከልብ አመሰግናለሁ። ምድር ቤት ቲያትር የሚደመጥበት ዘመኑ የረዘመ ይሁን።»

ወርጄ ተቀመጥኩ። ኖጋ ከመጋረጃው ጎን ብቅ ብላ፣ «ጋሼ፣ አለቀ? መብራቱ እኮ ገና አልተዘጋጀም» አለች።

ካሣነሽ ከኋላዋ ቆማለች። በጣቷ የእጇን አንጓ ነካ ነካ አደረገችልኝ፤ ሰዓትዎ የት አለ ነው። እጅጌዬን ሰብስቤ ባዶ እጄን አሳየኋት። ቤት፣ መሳቢያ ውስጥ ነው።

በሁለተኛው ክፍል ወደ አፋፉ ቀርባ፣ «አንድ ጊዜ ታርቄያለሁ» ስትል ተነሣሁ። ከማዕረግ ውጭ ነው፣ አውቃለሁ። አባ ገና ዘንጋቸውን እየፈለጉ ነበር።